ሁለቱ ሻምበሎች

ውሻችን ሻምበል ይባላል። ልጄ ባለቤት ካጡ ውሾች ማቆያ ስታመጣው ስሙ «ኩኪ» ነበር። አባት ለልጁ ሲል ብዙ ነገር ይችላል፤ እኔም ችያለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ቆሜ «ኩኪ! ኩኪ!» እያልኩ መጣራቱን ግን አልቻልኩም። ደረቱ ሰፊ፣ አረማመዱ የተለካ፣ ሁሉን አይቶ ዝም የሚል ዓይነት ስለነበረ ሻምበል አልኩት። ለውሻ ትልቅ ስም ማውጣት በእኛ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። አያቴ ለጎረቤት ፊት ለፊት የማይነገረውን ሁሉ በውሻዋ ስም ነበር የምትናገረው። ማታ ደጃፍ ወጥታ «ምን ቸገረው! ና ምን ቸገረው!» ብላ ስትጣራ ከውሻው ይልቅ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ነበር ቀድሞ የሚሰማት። የእኔ ሻምበል እንዲህ ያለ መልእክት የለበትም።

መልእክት ባይኖርበትም መዘዝ አላጣም። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ፣ በቀድሞው ጦር የመድፈኛ ሻምበል የነበሩ፣ ዛሬ ከዘራ ይዘው የሚሄዱ አዛውንት ይኖራሉ። አንድ ጠዋት የሕንጻው መግቢያ ላይ ውሻውን «ሻምበል! ተቀመጥ!» ብዬ ስቆጣ ከኋላዬ ሲመጣ የነበረው የከዘራ ድምፅ ቀጥ አለ። ዞር ስል ሰውየውም ቀጥ ብለዋል።

«ማንን ነው የምታዘው፣ ልጄ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እየተርበተበትኩ ነገሩን ሳስረዳቸው ውሻውን ከጆሮው እስከ ጭራው በዓይናቸው ፈተሹት።

«ማዕረጉን መቼ አገኘ?»

«ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው።»

«ፈጣን ዕድገት ነው» ብለው አለፉ። ከዚያ ወዲህ ሲያገኙኝ ከእኔ ደኅንነት በፊት «ባልደረባዬ እንዴት አደረ?» ነው የሚሉት። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱ እንዳይምታቱ ሰውየውን አንቱ፣ ውሻውን አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አንባቢ በዚያ ይለያቸው።

ልጆች ውሻ ያመጣሉ፣ ከዚያ ኮሌጅ ይገባሉ። የእኔዋ ፔንሲልቬንያ ስትሄድ ግድግዳ ላይ የለጠፈችውን ሥዕል ሳይቀር ወስዳ ሻምበልን ተወችልን። የዶርሙ ሕግ አይፈቅድም አለች። የቤታችንም ሕግ አይፈቅድም ነበር። ባለቤቴ ወጥ ቤትና ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ጥግ ድርሽ እንዳይል ብላ ከመጀመሪያው ቀን ደንግጋለች፤ ድንጋጌዋም እስከ ዛሬ አልተሻረም። ሻምበል ታዲያ የወጥ ቤቱ ደፍ ላይ አገጩን አሳርፎ ይተኛል። አገጭ ብቻ ከሆነ ገባ አይባልም። ከደፉ ወዲያ ማዶ የሚወድቅለትን የእንጀራ ቁራሽ ማን እንደሚጥለው ደግሞ በቤታችን አይጠየቅም።

ውሻን በገመድ ይዞ መንሸራሸርን ለአገር ቤት ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እኛ ዘንድ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፤ የሚፈልገው ቦታ ራሱ ሄዶ ራሱ ይመለሳል። እዚህ ቀኑን ሙሉ ተፈትቶ ምንጣፍ ላይ ይውልና የሚታሰረው ውጭ ሲወጣ ነው። የምንኖርበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግም ውሻ ከባለቤቱ ግቢ ከወጣ ገመድ ላይ ይሁን ይላል። እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ፣ በብርድ ጎንበስ ብዬ የሻምበልን ቆሻሻ በፕላስቲክ ከረጢት ስለቅም አየችኝና አማተበች። «ይሄን ለአባትህ አልነግረውም» አለች። አልነገረችውምም።

ሻምበል አሥራ አንደኛ ዓመቱን እስኪያገባድድ በሰውም በውሻም ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ነበር። ላብራዶር የሚበዛበት ቅልቅል ነው። ሕፃናት ጆሮውን ሲስቡት ዓይኑን ጨፍኖ የሚታገሥ፣ የሚያውቀውም የማያውቀውም ውሻ ሲመጣ ጭራውን እየቆላ የሚጠብቅ ፍጡር ነበር። በጥር ወር አንድ ማለዳ፣ በስሊጎ ክሪክ ዳር ባለው የእግር መንገድ ላይ ለዓመታት የሚያውቀው ወርቃማ ውሻ ከፊት ለፊታችን ብቅ አለ። ባለቤቱ ጡረተኛ ናቸው፤ እንደ ወትሮው ለሰላምታ እጃቸውን አነሱ። እኔም አነሳሁ። ያነሳሁት እጅ ገመዱን የያዘው ነበር። ሻምበል ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ከሆዱ አወጣና ተወነጨፈ። አርባ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሻ በረዶ ላይ ሲወነጨፍ ሰው በእግሩ አይከተለውም። እኔ በደረቴ ነው የተከተልኩት።

ሰውየው በዚያች የአሜሪካ ትሕትና «ዛሬ ቀኑ አልሆነለትም መሰለኝ» አሉ። በማግሥቱ ከሩቅ ሲያዩን መንገድ ተሻገሩ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሳምንቱ የሊፍቱ በር ሲከፈት ሦስት ኪሎ የማይሞላ ነጭ ውሻ ከእመቤቱ እግር ሥር ቆሞ ተገኘ። በአንደኛው እጄ ገመድ፣ በሌላው እንቁላል ነበር የያዝኩት። የተረፈው ገመዱ ነው። ቀጥሎ ከአፓርታማው አስተዳደር፣ ተመሳሳይ ነገር ቢደገም ስለ ውሻው መኖር እንደገና እንነጋገራለን የሚል ደብዳቤ በበራችን ሥር ገባ። ልጄ በስልክ አለቀሰች። እንባዋ ገመድ አይዝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በምንሰበሰብበት ቡና ቤት ጉዳዩን ለሸንጎ አቀረብኩ። ሐበሻ ስለ ውሻ አያውቅም የሚል ካለ ይምጣና ይስማ። አንዱ «ነጭ ውሻ ላይ ነው የሚጮኸው? እንግዲያውስ የሚኖርበት አገር ገብቶታል» ብሎ ጠረጴዛውን በሳቅ አናወጠው። ወርቃማውንም ጨምሮ ነው ስል፣ ወርቃማም ነጭ ነው ተባልኩ። ታክሲ የሚነዳው ወዳጃችን ወደ ውስጥ የሚወጋ ጥርስ ያለው የብረት አንገትጌ ግዛለት አለኝ፤ ሲስብ ይወጋዋል፣ ሲወጋው ይማራል። ባለቤቴ በበኩሏ ነገሩ የዓይን ነው ባይ ናት። ሊፍት ውስጥ ያለችው ሴትዮ «እንዴት የሚያምር ውሻ ነው» ብላ አታውቅም? ብላለች። በቃ።

ከሁሉ የደነገጠው አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነው። «አብዷል! ዛሬውኑ አስወግደው!» አለኝ። አልፈረድኩበትም። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ በወሬ የሚሰማ ነገር አይደለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የእኛ ዕድሜ ሰውም ሆድ ላይ በተከታታይ ቀናት ይወጋ የነበረውን መርፌ ያስታውሳል። ሜሪላንድ ውስጥ አራት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ በሕግ ይከተባል፣ የሻምበልም ክትባት ጊዜው አላለፈም ብዬ አስረዳሁት። «ታዲያ ምን ሆነ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። «ማርጀቱ ነው፤ ያረጀ ውሻ ጠባይ የለውም» ብሎ ዘጋው። ልብ ብዬ ሳስበው ሁሉም ሰው የተነጋገረው ስለ ሻምበል ጠባይ ነው፤ ዘረኛ፣ ባለጌ፣ ዓይን የበላው፣ ያበደ፣ የነጀሰ። ስለ ገላው የጠየቀኝ አልነበረም።

የጠየቁኝ ሻምበል ናቸው። ከሕንጻው ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ውሻውን ረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና፣

«ባልደረባዬ አቀማመጡ ተበላሽቷል» አሉ።

«እንዴት?»

«ግራ ዳሌውን አያሳርፍም፤ ሸራፋ ነው የሚቀመጠው። እኔም እንደዚያ ነው የምቀመጠው። ያመዋል።»

«ሲሄድ እኮ ደህና ነው፣ ሻምበል። የሚጮኸው ሌላ ውሻ ሲያይ ነው።»

«እኔስ መቼ ነው የምጮኸው? ቤተ ክርስቲያን ሕዝብ ሲወጣ ግድግዳ ተደግፌ የምቆመው ለምን ይመስልሃል? ጉልበቴን እንዳይገጩኝ ነው። የሚሮጥ ልጅ ካየሁ ገና ሳይደርስብኝ ነው ከዘራዬን የማነሳበት። ልጁ ምን አደረገኝ? ምንም። ሊያደርገኝ ይችላል ግን።»

ያን ቀን ማታ፣ ኪሱ ለሁሉም በሽታ ክኒን የማያጣው ጓደኛችን «ካመመው አይቡፕሮፌን ስጠውና ተገላገል» ብሎ በመዳፌ ሁለት ክኒን አስቀመጠልኝ። ልጄ በስልክ ጮኸች። ለሰው የሚሰጠው አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ የሚያቆስል፣ ኩላሊቱንም የሚጎዳ መርዝ ነው። ክኒኖቹን ለራሴ ደረት ዋጥኳቸው፤ ከበረዶው ቀን ጀምሮ ሲያመኝ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት። ጠረጴዛው ላይ አውጡት አላለችም፤ ራሷ መሬት ላይ ተቀመጠችና እስኪመጣ ጠበቀችው። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ቀስ አድርጋ አጠፈች፣ ዘረጋች። ግራ እግሩን ወደ ኋላ ስትዘረጋው ሻምበል አላጉረመረመም። ከንፈሩን ላሰና ዞሮ ዓይኗን አያት። ራጁ ሲነሣ ሁለቱም ዳሌዎቹ ላይ አርትራይተስ ተገኘ፤ ግራው የባሰ ነበር። ከዚያ ጥያቄ ታዥጎደጎደ። ደረጃ ላይ ያመነታል? መኪና ውስጥ መዝለል ትቷል? ጣውላ ወለል ላይ ያዳልጠዋል? ሌሊት ቦታ ይቀያይራል? ሶፋ ላይ መውጣት ያቆመው መቼ ነው? እዚህ ላይ ባለቤቴ ዝም አለች። ሻምበል ሶፋውን ሲተው በስንት ዘመኑ ሥርዓት ያዘ ብላ ተደስታ፣ ለእህቷም ደውላ ነበር።

ዓይኑም በዕድሜ ደብዝዟል፣ ጆሮውም ከኋላ የሚመጣውን እንደ ድሮው አይለይም። ሌላው ውሻ ቀድሞ ከሩቅ የሚታየው አሁን ድንገት አጠገቡ የበቀለ ይመስለዋል። ደሙ ተመረመረ፤ የታይሮይድ ጉድለት አንዳንዴ ጠባይ ይለውጣል ስለሚባል እሱም ታየ፣ ደህና ነው። ጉበቱና ኩላሊቱ ከተጣራ በኋላ ካርፕሮፌን የሚባል ለውሻ የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ከምግብ ጋር ታዘዘለት። ሒሳቡን ሳይ ለሁለተኛ ጊዜ በደረቴ የወደቅሁ መሰለኝ።

ከመድኃኒቱ በላይ ቤታችንን ያናወጠው የምግቡ ነገር ነው። «አምስት ኪሎ ይቀንስ» አለች ሐኪሟ። በ48 ላብራዶሮች ላይ ለ14 ዓመት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ። ከወንድም እህቶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የበሉት ውሾች ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨምረው ኖሩ፤ አርትራይተሱም ዘግይቶ ነው የጀመራቸው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «እኔ ምንም አልሰጠውም» አለች። ሐኪሟ ምንም አላለችም። ሻምበል ግን ወደ ባለቤቴ የእጅ ቦርሳ ተጠጋ። ወጥ የነካው እንጀራም ከዚያ ቀን ጀምሮ ክልክል ሆነ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ሐበሻ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ያልነካው ምን እንዳለ ለሐኪሟ ማስረዳት አልሞከርኩም።

ሕመሙ ሲታገሥለት ሻምበል እንደገና ደረጃ መውጣት ጀመረ። ጩኸቱ ግን አልቀረም፤ ቀነሰ እንጂ። ሐኪሟ የላከችን አሠልጣኝ ምክንያቱን ሲነግረኝ አገር ቤት ያየሁት ነገር ሁሉ በዓይኔ መጣ። ያልታሰሩ ውሾች ሲገናኙ ፊት ለፊት አይመጡም። አንዱ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ሌላው መሬት ያሸታል፣ ዞረው ዞረው ነው የሚቀራረቡት፤ ሁለት ባላገሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳያቸው እንደማይገቡት። ገመድ ይህን ሰላምታ ይሠርዘዋል። በጠባብ መንገድ ዓይን ለዓይን አፋጥጦ ያመጣቸዋል፤ መሸሹንም ይከለክላል። የማይሸሽና የሚያመው ውሻ የቀረው አማራጭ ቀድሞ መጮህ ነው። ሲጮህ ደግሞ ምን ይሆናል? ሌላው ውሻ ይሄዳል። መንገደኛ ሁሉ የሚሄደው የራሱ መንገድ ስላለው ነው፤ ሻምበል ግን በጩኸቴ አባረርኩት ብሎ ይመዘግባል። በየቀኑ ድል ነው። የመድፈኛ ሰው ስም ያወጣሁለት በከንቱ አይደለም።

አሠልጣኙን ስለ ታክሲ ነጂው የብረት አንገትጌ ስጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። ውሻ ባየ ቁጥር አንገቱ ከተወጋ፣ ውሻ ማለት ሕመም ማለት ነው የሚለው ጥርጣሬው እውነት ሆነለት ማለት ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አቋሙ ለየትኛውም ውሻ፣ ቁጡም ቢሆን፣ በሽልማት እንጂ በቅጣት ማሠልጠንን አይደግፍም። የእኛ ሥራ ሌላ ሆነ። ሻምበል ሌላውን ውሻ እያየ ገና መብላት የሚችልበትን ርቀት መፈለግ፤ ውሻው ሲታይ ዶሮ፣ ውሻው ሲሰወር ዶሮው ማቆም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ዶሮው ከቀደመ፣ ዶሮው ራሱ የክፉ ነገር ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ነገሩ ከፓቭሎቭ የመጣ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመው ስለ ምግብ መፈጨት ባጠናው እንጂ በውሾቹ ምራቅ ብልኃት አልነበረም፤ ዓለም የሚያስታውሰው ግን በምራቁ ነው። ገመዱም ከአንገቱ ተነሥቶ ደረቱ ላይ ከሚታሰር ማሰሪያ ጋር ተያያዘ። ቅዳሜና እሑድ የስሊጎ ክሪክ ፓርክዌይ ከፊሉ ለመኪና ስለሚዘጋ፣ አስፋልቱን በሙሉ ስፋቱ ይዘን ከዳር ወደ ዳር እየሸሸን መለማመድ ጀመርን።

ችግሩ ወሩ ነበር። ሁዳዴ ገባ።

«በዐቢይ ጾም፣ በእኔ ድስት፣ ዶሮ?» አለች ባለቤቴ። የተለየ ድስት ገዛሁ፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ሌሊት ከሥራ ስገባ፣ ሰው ሁሉ ተኝቷል ባልኩ ሰዓት፣ ያለ ጨው ያለ ሽንኩርት እቀቅላለሁ። ሽታ ግን ሰዓት አያውቅም። ጎረቤታችን እትዬ የጽዋ ማኅበራችን ዓምድ ናቸው፤ ኅምሳ አምስቱንም ቀን በውኃና በቆሎ የሚያሳልፉ ሴት። አንድ ማለዳ በሩን አንኳኩተው ለባለቤቴ በሹክሹክታ «ማን ታመመብሽ?» አሏት። በጾም የዶሮ መረቅ የሚጠጣው ሕመምተኛ ብቻ ነዋ። ባለቤቴ ለውሻ ነው ብላ መናገር አቃታት። ከደጃፋችን ተነሥቶ ማኅበሩን ሁሉ የሚዞረውን ወሬ አስባ፣ «እሱን ትንሽ አሞት ነው» አለች። እሱ እኔ ነኝ።

በነጋታው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠያቂ ጎረፈ። ብርቱካን፣ የታሸገ ጭማቂ፣ ሙዝ። ከልምምድ ገና መግባቴ ነበር፤ ባለቤቴ ልብሴን እንኳ ሳታስቀይረኝ ሶፋው ላይ ጋቢ አልብሳ አጋደመችኝ። «ምንህን ነው?» ሲሉኝ «ደረቴን» አልኩ፤ እሱስ እውነት ነው። አንዱ አዛውንት ጸበል እንዲያመጡልኝ ቃል ገቡ። ሌላው ስለ ልብ ድካም የሚያውቀውን ሁሉ ዘርዝሮ የኢንሹራንሴን ዓይነት ጠየቀኝ። እትዬ አጠገቤ ቁጭ ብለው ፊቴን ሲያዩ «ከስተሃል» አሉ፤ በበረዶ ላይ በየቀኑ አርባ ኪሎ የሚጎትተው ሰው ይከሳል። በዚህ መሀል ሻምበል ከጥጉ ተነሣ። ያ ዳሌው የታመመ ሽማግሌ በጠያቂው ጉልበት መሀል ተሽሎክሉኮ መጣና አፍንጫውን ጋቢዬ ውስጥ አስገባ። ከጃኬቴ ኪስ የዶሮ ከረጢቱን በጥርሱ ይዞ አወጣው፤ ምንጣፉ ላይ፣ በእትዬ እግር ሥር፣ በሁዳዴ፣ በእሑድ ዘረገፈው።

ለመናገር የደፈረ አልነበረም። ሻምበል፣ ሰውየው፣ ከበሩ አጠገብ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ሕመምተኛው እሱ ነው» አሉ ውሻውን እየጠቆሙ። «ዳሌውን ነው። ዶሮው ሐኪም ያዘዘው ነው። ይሄኛው ደህና ነው፤ ጭማቂውን ውሰዱ።»

እትዬ መጀመሪያ ባለቤቴን፣ ቀጥሎ እኔን፣ በመጨረሻ ውሻውን አዩ። ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው መንፈቅፈቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሲወጡ ግን ቁም ነገሩን አልረሱም። «የጾም ነገር አይበላም ይሄ ውሻ?» አሉ። ባለቤቴ በዚያች ጥያቄ ተነሣሣች። የለውዝ ቅቤ ተገኘ። ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ የሌለበት መሆን አለበት፤ እሱ ለውሻ አደገኛ ነው። ሻምበል በለውዝ ቅቤ፣ ለጥንቃቄ አፉ ላይ የሚጠለቀውን የፕላስቲክ ቅርጫት ለመደ። ከውስጡ እየላሰ ስለለመደ አሁን ቅርጫቱን ሲያይ ራሱ አፉን ያስገባል። ለከባድ ቀን ግን ዶሮውን የሚተካ አልተገኘም፤ ባለ ቀይ ክሩ ድስት እስከ ፋሲካ ሥራውን ቀጠለ።

ለመንገዱ ትልቁ ጠላት ቁጡ ውሻ አይደለም። ገመድ የሌለው ደግ ውሻ ነው። ባለቤቱ ከሩቅ እየሮጠ «አይዟችሁ፣ አይነክስም!» ይላል። እኔም «የእኔው ይነክሳል!» ብዬ እጮሃለሁ። ሻምበል ማንንም ነክሶ አያውቅም፤ ስሙን ማጥፋቴ ነው። በዚህ አገር ግን ከዚህ ዓረፍተ ነገር የፈጠነ የሰው እግር አላየሁም።

አሁን ከወርቃማው ውሻ ጋር በመንገዱ ግራና ቀኝ ሆነው አብረው ይሄዳሉ፤ ጡረተኛውም እጃቸውን ያነሣሉ፣ እኔም ባዶውን እጄን። ከነጩ ጋር እርቅ አልወረደም። አሠልጣኙም ሁሉንም መውደድ የለበትም ብሎ አሰናብቶናል፤ እኔስ ጎረቤቴን ሁሉ እወዳለሁ? ከእመቤቱ ጋር ስልክ ተለዋውጠን፣ ስትወርድ መልእክት ትልክልኛለች፣ እኛ ቀጣዩን ሊፍት እንጠብቃለን። ከአስተዳደሩ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

ካርፕሮፌኑ ለብቻው አልበቃ ሲል ሐኪሟ ወደ ወርሃዊ መርፌ አሻገረችው። ሕመምን ለነርቭ የሚያቀብለውን ፕሮቲን የሚይዝ ነው፤ ለውሾች በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በ2024 መጨረሻ መንግሥት ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ ለሐኪሞች ደብዳቤ ስለጻፈ፣ ሲንገዳገድ ወይም ውኃ ሲያበዛ ካየህ ደውል ተብያለሁ። እስካሁን ደህና ነው።

ይህን ለሻምበል ስነግራቸው ከዘራቸውን አስቀመጡ።

«በወር አንድ ጊዜ? ለሰውስ?»

ተመሳሳይ መድኃኒት ለሰውም ተሞክሮ እንደነበር፣ አንዳንዶቹ ሕመምተኞች ላይ መገጣጠሚያቸው ቶሎ ስለፈረሰ ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2021 እንደተዉት ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣

«የሐኪሟን ስልክ ስጠኝ እስቲ» አሉ።

«የእንስሳት ሐኪም እኮ ናት፣ ሻምበል።»

«አውቃለሁ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነው የመረመረችው አላልከኝም? የእኔው ዶክተር ከኮምፒዩተሩ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም።»